በዳሞታ ተራራና በአካባቢው ደኖች የእግር ጉዞ ማድረግና ድንኳን ተክሎ ማደር፦ ለጎብኚዎች የተዘጋጀ ማብራሪያ

ከወላይታ ሶዶ ከተማ በስተሰሜን ከፍ ብሎ የሚታየው የዳሞታ ተራራ ለከተማዋ ነዋሪ የዘወትር ገጽታ፣ በግርጌው ለሚኖረው አርሶ አደር ደግሞ የምንጭ ውኃ፣ የሣርና የማገዶ መገኛ ነው። በከተሞች የእግር ጉዞ ልማድ እየሰፋ በመምጣቱ በተራራውና በአካባቢው በሚገኙ ደኖች ለመጓዝ፣ ድንኳን ተክሎ ለማደር ወይም ተማሪዎችን ይዞ ለጥናት ለመውጣት የሚፈልጉ ዜጎች አሉ። እነዚህ ዜጎች ፈቃድ የሚጠየቀው ከማን ነው? ድንኳን የሚተከለው የት ነው? እሳት ማንደድ ይቻላል? የሚሉ ጥያቄዎች እንደሚኖሯቸው ይታወቃል።

ዳሞታ ብሔራዊ ፓርክ አይደለም። እንደ ብሔራዊ ፓርኮች ጎብኚ የሚመዘገብበት በርና የትኬት መስኮት የለውም። ነገር ግን በር የሌለው ደን ባለቤት የሌለው ደን ማለት አይደለም። የተራራው ዳገት በከፊል የአርሶ አደሮች ይዞታ፣ በከፊል በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ደን፣ በከፊልም ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ሆኖ እንዲያገግም የተከለለ መሬት ነው። በመሆኑም ጎብኚው ጉዞውን ከመጀመሩ በፊት የሚሄድበት ቦታ የማን እንደሆነ ማወቅና የሚመለከተውን አካል ማስፈቀድ ይኖርበታል። ይህ ማብራሪያ ይህንኑ ለማቃለል የተዘጋጀ ነው።

የቦታው ዓይነትና ጥያቄ የሚቀርብለት አካል

ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ተፈጥሮን ለመጎብኘት የሚፈልግ ሰው በአጠቃላይ ሦስት ዓይነት ቦታዎችን ያገኛል።

የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ነው። በወላይታ ዞን አቅራቢያ የሚገኙት የነጭ ሣርና የማዜ ብሔራዊ ፓርኮች ናቸው። የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ከሶዶ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በአርባ ምንጭ ከተማ ጥግ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች መካከል ይገኛል። በከርሰ ምድር ውኃ የሚለመልመው ጥቅጥቅ ደኑ በጥላ ሥር መጓዝ ለሚወድ ሰው ምቹ ነው። ከሶዶ ወደ ሳውላ በሚወስደው መንገድ የሚደረስበት የማዜ ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ በኢትዮጵያ ብቻ በሚገኘው የስዌይን ቆርኬ ይታወቃል። በብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎቱ የሚጠየቀው በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ሲሆን፣ የመግቢያ፣ የተሽከርካሪና የአዳር ክፍያ በደረሰኝ ይፈጸማል። ጎብኚውን የሚያጅበው ስካውትም ከዚያው ይመደባል።

ሁለተኛው የማኅበረሰብ ደን ነው። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የደን ባለቤትነትን የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበራትና የመንግሥት በማለት ይለያል። በዚህ መሠረት በኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም በማኅበረሰብ ስም በተያዘ ደን ውስጥ መግባትና ማደር የሚቻለው በባለይዞታዎቹ ፈቃድ ነው። የሁምቦ ደን የዚህ ዋነኛ ምሳሌ ነው።

ሦስተኛው እንደ ዳሞታ ያለ የተቀላቀለ ይዞታ ነው። በአንድ የእግር መንገድ ላይ የአርሶ አደር የእንሰት ማሳ፣ የባሕር ዛፍ ተክል፣ የተከለለ ተፋሰስና የቅርስ ሥፍራ ተከታትለው ሊገኙ ይችላሉ። ለዚህ ዓይነቱ ቦታ ጥያቄ በመጀመሪያ የሚቀርበው ለወላይታ ዞን ባህልና ቱሪዝም መምሪያ፣ ቀጥሎም መንገዱ ለሚያልፍበት ወረዳና ቀበሌ ነው።

ወላይታ ሶዶ በነሐሴ ወር 2015 የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ናት። ሆኖም የክልሉ ቢሮዎች በተለያዩ የማዕከል ከተሞች ተከፋፍለው የተደራጁ ናቸው። ስለሆነም ጎብኚው ወደ ክልል ቢሮ በመመላለስ ጊዜ ከሚያጠፋ ከዞኑ መምሪያ ቢጀምር ጉዳዩ ይፋጠንለታል።

የዳሞታ ተራራ

ዳሞታ ከረጅም ዘመን በፊት ሥራውን ያቆመ እሳተ ገሞራ ሲሆን፣ ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,900 ሜትር ይጠጋል። በዞኑ ውስጥ የሚገኙት ዳሞት ጋሌ፣ ዳሞት ሶሬ፣ ዳሞት ወይዴና ዳሞት ፑላሳ ወረዳዎች ስማቸው ከተራራው ስም ጋር የተያያዘ መሆኑ ተራራው በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ ያለውን ቦታ ያመለክታል።

ተራራው የውኃ መለያም ነው። በአንድ ወገን የሚወርደው ውኃ ወደ ኦሞ ወንዝ ተፋሰስ ሲሄድ፣ በሌላው ወገን የሚወርደው በብላቴ ወንዝና በአነስተኛ ጅረቶች አማካይነት ወደ አባያ ሐይቅ ያመራል። በዳገቱ ላይ ያለው ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሣር የዝናቡን ውኃ ወደ መሬት እንዲሰርግ ስለሚያደርግ፣ በበጋ ወራት በግርጌው ያሉት ምንጮች እንዳይደርቁ ይረዳል። ወላይታ በኢትዮጵያ ከፍተኛ የሕዝብ ጥግግት ካለባቸው የገጠር አካባቢዎች አንዱ በመሆኑ፣ ከአንድ ምንጭ ውኃ የሚቀዱት ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ጎብኚው በምንጭ ራስጌ የሚያደርሰው ብክለት ከታች በሚኖሩ ሰዎች ጤና ላይ ጉዳት የሚያደርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሶዶ ከተማ የላይኛው ክፍል እስከ ተራራው አናት ያለው የከፍታ ልዩነት ከ800 እስከ 900 ሜትር ይሆናል። መካከለኛ አቅም ያለው ተጓዥ በአንድ ሰዓት 300 ሜትር ያህል ከፍታ እንደሚወጣ ቢታሰብ፣ ለመውጣት ብቻ ሦስት ሰዓት ያስፈልጋል። ዕረፍቱና መውረጃው ሲጨመሩ ጉዞው ሙሉ ቀን የሚጠይቅ ይሆናል። ከንጋቱ 12 ሰዓት የተነሳ ቡድን ከቀትር በፊት አናት ላይ ደርሶ ሳይመሽ ለመመለስ በቂ ጊዜ ይኖረዋል። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጨለማው ፈጥኖ ይመጣል። ስለዚህ ቁልቁለቱን ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ማጠናቀቅ ይገባል።

ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ ስድስት ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይቀንሳል። በመሆኑም የተራራው አናት ከከተማዋ በአምስት ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ነፋስና ጉም ሲታከሉበት ቅዝቃዜው ይበረታል። አየሩ ጥርት ባለ ጊዜ ግን በስተደቡብ የአባያ ሐይቅ ጎልቶ ይታያል።

የሞቼና ቦራጎ ዋሻ

በተራራው ደቡብ ምዕራባዊ ገጽ የሚገኘው የሞቼና ቦራጎ ዋሻ አፉ ወደ 70 ሜትር የሚሰፋ የድንጋይ ጥላ ነው። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የፈረንሳይ፣ ከዚያም የአሜሪካና የጀርመን ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር በመሆን በዚህ ሥፍራ ቁፋሮ አካሂደዋል። በጥናቱም ሰዎች ከ50,000 ዓመታት በፊት ጀምሮ በዋሻው ይጠለሉ እንደነበር የሚያስረዱ፣ ኦብሲዲያን ከሚባለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስታወት የተሠሩ የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋዎች በቀዝቃዛና ደረቅ ዘመናት ለሰው ልጅ መሸሸጊያ ሆነው አገልግለዋል ወይ? የሚለው ጥያቄ በዚህ ሥፍራ ከሚጠኑት ጉዳዮች አንዱ ነው።

ለጎብኚው ዋናው ነገር የዚህ ቅርስ ማስረጃ ያለው በዋሻው ወለል ውስጥ መሆኑን ማወቅ ነው። ተመራማሪዎች የአንድን የአፈር ንጣፍ ዕድሜ ከሚለኩባቸው መንገዶች አንዱ በውስጡ የተገኘውን የከሰል ቅሪት መመርመር ነው። ዛሬ በዋሻው ውስጥ የሚነድ እሳት አዲስ ከሰልና አመድ በጥንቱ ላይ ይጨምራል። ለድንኳን ካስማ ተብሎ የሚቆፈር ጉድጓድም ንጣፎቹን ያደባልቃል። አንድ ጊዜ የተደባለቀ ንጣፍ ደግሞ ወደ ነበረበት አይመለስም። ስለሆነም ዋሻው ዝናብ ቢያስጠልልም የማደሪያ ቦታ አድርጎ መጠቀም አይገባም።

በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል የማሳወቅ ግዴታ አለበት። በመንገዱ ላይ የተጠረበ ኦብሲዲያን፣ የሸክላ ስባሪ ወይም አጥንት ያየ ጎብኚ ከቦታው ሳያነሳ ፎቶ ቢያነሳውና ለዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ቢያሳውቅ ግዴታውን ከመወጣቱም በላይ ለጥናቱ ያግዛል። ከቦታው የተነሳ መሣሪያ ከየትኛው ንጣፍ እንደወጣ ስለማይታወቅ አብዛኛውን የጥናት ዋጋውን ያጣል።

የሁምቦ ደን፦ ባለቤቶቹ እነማን ናቸው?

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ የሚገኘው የሁምቦ ወረዳ የማኅበረሰብ ደን ምን እንደሆነ በግልጽ የሚታይበት ቦታ ነው። የአካባቢው ኮረብታዎች ለአሥርተ ዓመታት ተራቁተው ቆይተዋል። በክረምት ጎርፍና ናዳ ማሳዎችን ያበላሽ፣ በበጋ ደግሞ ምንጮች ይደርቁ ነበር። በ2006 (እ.ኤ.አ.) በወርልድ ቪዥን ድጋፍ 2,728 ሔክታር መሬት እንዲያገግም የማድረግ ሥራ ተጀመረ።

ሥራው በአብዛኛው አዲስ ችግኝ መትከል አልነበረም። የተቆረጡት ዛፎች ጉቶና ሥር ከመሬት በታች በሕይወት ስለነበሩ፣ አርሶ አደሮቹ ከሚያቆጠቁጡት ቀንበጦች ጠንካሮቹን እየመረጡና ሌሎቹን እየገረዙ፣ ከብቶችም እንዳይገቡ እየጠበቁ ደኑን መልሰው አሳደጉት። ይህ እንዲሆን ግን ነዋሪዎቹ ከብት የሚያሰማሩበትንና ማገዶ የሚለቅሙበትን መሬት መዝጋት ነበረባቸው። በመጀመሪያ መሬታችን ሊወሰድ ነው የሚል ሥጋት ነበር። በኋላ ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው በደኑ የመጠቀም መብታቸው በሰነድ ሲረጋገጥ ሥጋቱ እየተቃለለ መጣ። ዛሬ ከብት በደኑ ውስጥ ማሰማራት ቀርቶ ሣር አጭዶ መውሰድ ተተክቷል።

ፕሮጀክቱ በ2009 (እ.ኤ.አ.) በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ሥርዓት ተመዝግቧል። በ30 ዓመታት ውስጥ 880,000 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወግዳል ተብሎ የተገመተ ሲሆን፣ ከዚህ የተወሰነውን የዓለም ባንክ ለመግዛት ተዋውሏል። ማኅበራቱ ከሽያጩ ባገኙት ገንዘብ እንደ እህል ወፍጮና መጋዘን ያሉ የጋራ አገልግሎቶችን ሠርተዋል።

ስለዚህ በዚህ ደን ውስጥ የሚቆረጥ አንድ ቅርንጫፍ ወይም በቸልታ የሚነሳ እሳት የአካባቢው ቤተሰቦች ለዓመታት ከብታቸውን ከልክለው ያሳደጉትን ሀብት ይነካል። በደኑ ለመጓዝ የሚፈልግ ሰው በወረዳው በኩል የማኅበሩን አመራር አስቀድሞ ማነጋገርና ከማኅበሩ አባላት መንገድ መሪ መያዝ ይኖርበታል።

አጆራ ፏፏቴ

ከአረካ ከተማ የሚደረስበት የአጆራ ፏፏቴ የአጃንቾና የሶኬ ወንዞች ጎን ለጎን ወደ ገደል የሚወረወሩበት ሥፍራ ነው። ቦታው ለቀን ጉዞ ተስማሚ ነው። ገደሉ ቀጥ ያለ፣ ጠርዙም በእርጥበት የሚያዳልጥ በመሆኑ ሕፃናትን ይዞ ወደ ጠርዙ መቅረብ፣ ከጨለመ በኋላ በአካባቢው መንቀሳቀስና በገደሉ አፋፍ ድንኳን መትከል አደገኛ ነው።

ከጉዞ በፊት ሊሟሉ የሚገባቸው

በቡድን ለመጓዝ ወይም ለማደር የሚፈልጉ ዜጎች ጥያቄያቸውን በጽሑፍ ቢያቀርቡ ምላሽ ለማግኘት ይቀላል። ማመልከቻው የሚከተሉትን ቢያካትት ይመከራል፦

• የቡድኑ ኃላፊ ሙሉ ስምና ስልክ ቁጥር፣
• የተጓዦች ብዛት፣ በመካከላቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ካሉ ቁጥራቸውና ኃላፊነት የሚወስደው አዋቂ፣
• የጉዞው ቀን፣ የመነሻና የመመለሻ ሰዓት፣
• የሚታለፍበት መንገድና የሚታደርበት ቦታ፣
• የጉዞው ዓላማ (መዝናኛ፣ ትምህርት፣ ጥናት ወይም ፊልም ቀረጻ)።

እያንዳንዱ ተጓዥ የፋይዳ ወይም የቀበሌ መታወቂያ፣ የውጭ አገር ዜጋ ከሆነ ፓስፖርት ሊይዝ ይገባል። የትምህርት ቤትና የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች የተቋማቸውን ደብዳቤ ሊያቀርቡ ይገባል። ጥናት ለማካሄድ፣ ናሙና ለመሰብሰብ ወይም ድሮን ለማብረር የጉብኝት ፈቃድ ብቻ በቂ አይደለም። ለእነዚህ ከሚመለከታቸው የፌዴራል ተቋማት የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋል።

የአካባቢውን መንገድ መሪ መያዝ በሦስት ምክንያት ይጠቅማል። መንገድ መሪው የትኛው ዳገት እንደተከለለና የትኛው የማን ማሳ እንደሆነ ያውቃል። ዝናብ ሲጥል የትኛው ጅረት እንደሚሞላ ይለያል። ከነዋሪው ጋርም በወላይትኛ ተግባብቶ የጎብኚውን ዓላማ ያስረዳል። ክፍያው አስቀድሞ በግልጽ ሊነገርና በስምምነት ሊወሰን ይገባል። በመንግሥት ወይም በማኅበር ስም የሚጠየቅ ማንኛውም ክፍያ በደረሰኝ ሊሆን ይገባል። ደረሰኝ ያልተሰጠው ጎብኚ ጉዳዩን ለወረዳው ጽሕፈት ቤት የማቅረብ መብት አለው።

የጉዞ ወቅትና የአደጋ ጥንቃቄ

በወላይታ ዋነኞቹ የዝናብ ወቅቶች ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው በልግና ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ክረምት ናቸው። ለእግር ጉዞና ለድንኳን አዳር የተሻለው ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት ያለው ነው። ሆኖም በጥርና በየካቲት ሣሩ ስለሚደርቅ የእሳት አደጋ ሥጋት ይጨምራል።

በዝናብ ወቅት ትልቁ አደጋ የመሬት መንሸራተት ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ዜጎች ሕይወታቸው አልፏል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩ ወገኖቻቸውን ለማውጣት ሲረባረቡ በሁለተኛው ናዳ የተያዙ ነበሩ። በወላይታ ዞን ኪንዶ ዲዳዬ ወረዳም የመሬት መንሸራተት የሰው ሕይወት ቀጥፏል።

ከዚህ በመነሳት ተጓዦች የሚከተሉትን ሊያስተውሉ ይገባል፦

• ለተከታታይ ቀናት ከባድ ዝናብ ከጣለ ጉዞውን ማስተላለፍ፤
• በዳገት ላይ አዲስ ስንጥቅ፣ ያዘነበሉ ዛፎች ወይም ድንገት የደፈረሰ ምንጭ ከታየ ወዲያውኑ ከቁልቁለቱ አቅጣጫ ወደ ጎን መራቅ፤
• ድንኳን ከተራቆተ ገደል ሥር፣ በጎርፍ መውረጃ ወይም በወንዝ ዳር አለመትከል፤
• ናዳ ከደረሰ መሬቱ ዳግም ሊንሸራተት ስለሚችል በብዛት ወደ ቦታው ከመግባት መቆጠብና በአፋጣኝ ለቀበሌውና ለፖሊስ ማሳወቅ፤
• መብረቅና ነጎድጓድ ሲጀምር ከተራራ አናትና ብቻውን ከቆመ ዛፍ መራቅ።

ለአስቸኳይ እርዳታ ፖሊስ በ991፣ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ በ907 ይጠራል። በተራራው እጥፋቶች የስልክ ኔትወርክ ሊቋረጥ ይችላል። ስለዚህ ቡድኑ የሚመለስበትን ሰዓት በከተማ ለሚቀር አንድ ሰው ማሳወቅ፣ በተባለው ሰዓት ካልተመለሰ ማን ዘንድ እንደሚደወልም አስቀድሞ መስማማት ይኖርበታል።

በድንኳን አዳር ወቅት

ቦታ። ድንኳን የሚተከለው በተፈቀደው ቦታ፣ ሜዳማ በሆነና ቡቃያ በሌለበት መሬት ላይ ነው። በድንኳን ዙሪያ ቦይ መቆፈር አፈሩን ለጎርፍ ያጋልጣል። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በመቃብር ሥፍራና ማኅበረሰቡ በሚያከብራቸው ዛፎች አቅራቢያ ማደር አይገባም።

እሳት። ለምግብ ማብሰያ አነስተኛ የጋዝ ምድጃ መያዝ ከሁሉ የተሻለ ነው። በተከለለ ደን ውስጥ እሳት አይነድም። ባለቤቱ በፈቀደበትና ሣር በሌለበት ቦታ ብቻ፣ ከነዋሪው በተገዛ ማገዶ ሊነድ ይችላል። እሳቱ ጠፋ የሚባለው ውኃ ፈሶበት አመዱ በእጅ ሲነካ ሲቀዘቅዝ ነው። አፈር አልብሶ መሄድ ፍሙን ሳያጠፋ ደብቆ ሊያቆየው ስለሚችል በቂ አይደለም።

ውኃና ንጽሕና። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ ሦስት ሊትር የመጠጥ ውኃ መያዝ ያስፈልጋል። የምንጭ ውኃ ከመጠጣቱ በፊት ሊፈላ ወይም በውኃ ማከሚያ ሊታከም ይገባል። ዕቃ ማጠብ፣ ገላ መታጠብና መጸዳዳት ከምንጭና ከወንዝ ቢያንስ 60 ሜትር ርቆ ይከናወናል። ለመጸዳጃ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ መልሶ ይደፈናል።

ምግብና ቆሻሻ። የምግብ ሽታ ጅብንና ዝንጀሮን ስለሚስብ ምግብ በተከደነ ዕቃ ይቀመጣል። በድንኳን ውስጥ ክፍት ሆኖ አይታደርም። ፌስታል፣ የፕላስቲክ ጠርሙስና የባትሪ ድንጋይ ተጠቅልሎ ወደ ከተማ ይመለሳል። ከብቶች ፌስታል ሲውጡ ስለሚሞቱ የተጣለ አንድ ፌስታል ለአንድ ቤተሰብ የላም ዋጋ ሊሆን ይችላል።

ልብስና መሣሪያ። ወፍራም ሹራብ፣ የዝናብ ልብስ፣ ጥሩ መርገጫ ያለው ጫማ፣ ስሊፒንግ ባግ፣ የእጅ ባትሪ፣ ፉጨትና የመጀመሪያ እርዳታ መስጫ ሣጥን መያዝ ይመከራል።

ከነዋሪው ጋር ያለ ግንኙነት

በወላይታ ገጠር መንገደኛ ሰላምታ ሳይሰጥ በሰው ደጅ ማለፍ ነውር ነው። “ሳሮ” የሚለው የወላይትኛ ቃል ሰላም ማለት ሲሆን፣ ከጎብኚው አፍ ሲሰማ መንገድን ያቀናል። ሰዎችን በተለይም ሴቶችንና ሕፃናትን ፎቶ ለማንሳት አስቀድሞ ማስፈቀድ ይገባል። ለሕፃናት ገንዘብና ከረሜላ ማደል ልጆችን ከትምህርት ገበታ ወደ መንገድ የሚያወጣ በመሆኑ አይደገፍም። መርዳት የሚፈልግ ጎብኚ ስንቁን ከአካባቢው ገበያ ቢሸምት፣ ለመንገድ መሪና ለአጋሰስ ተገቢውን ዋጋ ቢከፍል ይበልጥ ይጠቅማል።

በተደጋጋሚ ሊነሱ የሚችሉ ጥያቄዎች

የሶዶ ነዋሪ ለሆነ ሰው በዳሞታ ለመጓዝ ፈቃድ ያስፈልገዋል? በሕዝብ መንገድ ለቀን ጉዞ የሚወጣ ነዋሪ ማንኛውም መንገደኛ እንደሚያደርገው ሊያልፍ ይችላል። ወደተከለለ መሬት ለመግባት፣ በቡድን ለማደር ወይም ቅርስ ወዳለበት ሥፍራ ለመሄድ ግን የሚመለከተውን አካል ማስፈቀድ ይገባል።

የደረቀ እንጨት መልቀምስ? ያለባለቤቱ ፈቃድ አይቻልም። በማኅበረሰብ ደን ውስጥ የደረቀው እንጨት ራሱ አባላቱ በደንባቸው መሠረት የሚከፋፈሉት ጥቅም ነው።

ለአደን ወይም ለመድኃኒት ሥር መቆፈር ይፈቀዳል? አይፈቀድም። የዱር እንስሳት አደን በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ያለ ፈቃድ የተከለከለ ሲሆን፣ በመንግሥት ደን ውስጥ ያለ ፈቃድ ዛፍ መቁረጥ፣ መስፈርና እሳት መልቀቅ በደን አዋጁ የሚያስቀጡ ድርጊቶች ናቸው።

ቀበሌው ፈቃድ ቢከለክልስ? ክልከላው ብዙውን ጊዜ መሬቱ በማገገም ላይ በመሆኑ፣ ወይም በናዳና በእሳት ሥጋት ምክንያት ሊሆን ይችላል። ጎብኚው ምክንያቱን የመጠየቅና አማራጭ መንገድ እንዲጠቆምለት የመጠየቅ መብት አለው። ቅሬታ ካለው ለወረዳው፣ ቀጥሎም ለዞኑ መምሪያ በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል።

ጸጥታ ያለበት ደን በኢትዮጵያ ደጋ ውድ ሀብት ነው። በዳሞታና በሁምቦ ዳገቶች ላይ የሚታየው አረንጓዴ ብዙ ቤተሰቦች ግጦሽና ማገዶ ትተው የጠበቁት ነው። ከጉዞው በፊት የሚቀርበው የፈቃድ ጥያቄም በዚህ ድካም ላይ ያለውን የባለቤትነት መብት ማክበሪያ ነው። ተጨማሪ መረጃ የሚፈልጉ ዜጎች በወላይታ ሶዶ ከተማ በሚገኘው የዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ በሥራ ሰዓት በአካል ቀርበው መጠየቅ ይችላሉ።